በበሩ አጠገብ ያሉት ወንዶች

"እልል በይ እንጂ!" አሉ የቤተ ሙከራው እንስሳት ተንከባካቢ፣ በጓንት የያዙትን ሃምስተር ሆዱን ወደ ተማሪዋ እያዞሩ። "ወንዶችሽ ጎልምሰዋል። የቀረው ሚስት መፈለግ ነው።"

እሷ ግን አልሳቀችም።

"ምነው ፊትሽ ጠቆረ? አሳምሬ ቀልቤ!"

"ጋሼ፣ እነዚህ እኮ መጎልመስ አልነበረባቸውም።"

በዚህ ክፍል መብራቱ በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የሚበራው። ቀኑ ሲያጥር የእነዚህ አይጥ መሰል እንስሳት አንጎል የብርዱ ወቅት መጣ ብሎ ጉልበት ይቆጥባል። ጥቂት የወንዴ ሆርሞን ሲደርሰው እንኳ ይበቃል ይልና ለዘር ፍሬያቸው የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል፤ ፍሬውም ይኮማተራል። የመመረቂያ ጥናቷ ይህንኑ መለካት ነበር። በጨለማው መሃል ለአፍታ ብርሃን ከገባ ግን ቀኑ የረዘመ ይመስላቸዋል።

"በጨለማው ሰዓት መብራት አብርተው ያውቃሉ?"

"እኔ? ማብሪያውን ነክቼው አላውቅም!" በሩን እያዩ አከሉ። "በጨለማው የምሠራበት፣ እነሱን የማይረብሸው ቀዩ አምፖል ከተቃጠለ ወዲህ ግን ውሃ ስቀይር በሩን ገርበብ አደርገዋለሁ። በዳበሳ ልሥራ እንዴ? የኮሪደሩ መብራት እንደሆነ የክፍሉ አይደለም።"

መደርደሪያዎቹን አየች። ከወዲያ ጥግ ያሉት ተኮማትረዋል። የጎለመሱት በበሩ አጠገብ ያሉት ብቻ ናቸው።

"ሊያባርሩኝ ነው?" አሉ ሰውየው ቀስ ብለው።

"እኔ እንጃ፣ ጋሼ።"

አማካሪዋ ዶክተር አንዳንዶቹ መጎልመሳቸውን ሰምተው ብዙም አልተገረሙም። "ያጋጥማል። ቀን አጠረ ረዘመ ግድ የማይሰጣቸው አይጠፉም። 'ምላሽ የማይሰጡ' ብለሽ ለያቸውና ጻፊ። ፈታኞቹ እየጠበቁሽ ነው።"

እውነት ነው፤ እንዲህ ያሉ እንስሳት አሉ። ማንም አይጠይቃትም። እናቷ ለምረቃው የምትለብሰውን ቀሚስ አሰፍታ ጨርሳለች።

"እነዚህ ግን እንደዚያ አይደሉም" አለች። "መብራት ገብቶባቸዋል።"

"ማን አስገባው?"

"አምፖሉ መቃጠሉን ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ክፍሉ የኔ ነው።"

ዶክተሯ የብዕራቸውን ክዳን ገጠሙ። "እንደገና ከመጀመሪያው መነሳት ማለት እንደሆነ ገብቶሻል?"

"ገብቶኛል።"

በዚያ ዓመት አልተመረቀችም።