የአባቴ ቁመት

እኔ ዛፍ የምጠላ ሰው አይደለሁም። ይኼን ጥድ ግን እጠላዋለሁ፤ ያመጣሁትም እኔው ራሴ ነኝ፣ እጄን በሰበረው።

አባቴ አናጢ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሬሳ ሳጥን ሲሠራ የኖረ። ዓይኑ ሜትር ነው። ሰው በር ላይ ቆሞ "እንደምን ዋላችሁ" እስኪል ድረስ ቁመቱን ይዞታል። ለሙያው ግን አንድ ሕግ ነበረው፤ በሕይወት ያለ ሰው አይለካም። በልጅነቴ በሜትሩ ስጫወት ካገኘኝ ቀምቶኝ አንድ ሁለት ያቀምሰኝ ነበር።

ጉልበቱ ከድቶት ሥራ ሲያቆም፣ ቤት ተቀምጦ እንዳይተክዝ ብዬ ስፕሩስ የሚሉትን ባለመርፌ ቅጠል ጥድ በትልቅ ባልዲ እንደተተከለ ገዛሁለት። ወገቤ እንኳ አይደርስም ነበር። አባቴ ልጅ የተወለደለት መሰለ። ሳሎን ውስጥ መስኮቱ አጠገብ አቆመውና፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ የራሱን ጀርባ ግድግዳው ላይ ለጥፎ በገዛ አናቱ ልክ በእርሳስ መስመር አሰመረ።

"እዚህ ስትደርስ ቦታዬን ትረከበኛለህ" አለው ዛፉን፣ እየሳቀ።

"አባዬ! ሕጉስ?"

"ጡረታ ወጣሁ እኮ። ሕጉም አብሮኝ ወጣ።"

እኔም በማይሳቅበት ነገር አብሬው ሳቅሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጥዱ ታመመ። ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ቅጠሉ ምንጣፉ ላይ ይራገፍ ጀመር። ለካ አባቴ ከድሮ ሥራ ቤቱ በጆንያ ያመጣውን ሰጋቱራ ከአፈሩ ጋር ደባልቆ ሞልቶለታል፤ ለእንጨት ከእንጨት የተሻለ ምን ምግብ አለ ብሎ! ጎረቤታችን አበባ ሻጯ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ውይ ጋሼ! ሰጋቱራ እኮ የዛፉን ምግብ ይሻማዋል። በዚያ ላይ የዘመዶቹን ዱቄት ነው ያበሉት።"

ሥሩን በቀስታ አራግፈን አዲስ አፈር ሰጠነው። ውሃ እንዳይተኛበት ከሥር ጠጠር አደረግንለት፣ ከማሞቂያውም አራቅነው። አባቴ ጠዋት ጠዋት ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከቶ እርጥበቱን ያያል፤ ቅጠሉን በጨርቅ ያብሳል። ዛፉ ግን አልዳነም። ከታች መድረቁን ሳይተው ከላይ መርዘም ጀመረ። ግማሹ አጥንት ሆኗል፣ ጫፉ ግን ለምለም ነው።

"የታመመ ዛፍ እንዲህ አይረዝምም" አለችኝ አበባ ሻጯ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን አትገባም፤ ከበር ላይ ሰላም ብላን ትሄዳለች።

አባቴም መቀለዱን ተወ። እራት እየበላን ዓይኑ መስመሩ ላይ ነው። "ትንሽ ቀረው" ይላል፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው። ዛፉን እንጣለው ስለው አሻፈረኝ አለ።

"ቃል ሰጥቼዋለሁ። ደግሞ የታመመ ነገር ይጣላል እንዴ? ታዲያ እኔንም አውጥተሽ ጣይኝ።"

ንዴቴ መጣ። ያሳደገኝን አባት ለባልዲ ጥድ አልሰጥም! ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ መቀስ ከእጄ አይጠፋም። አባቴ ገላውን ሊታጠብ ሲገባ የዛፉን ጫፍ ቆረጥ አደረግኩት። ሙጫው ወዲያው ወጣ። አባቴ ከመታጠቢያ ቤት የወጣው አናቱን በመዳፉ ይዞ ነበር።

"ምነው አባዬ?"

"እንጃ፣ እዚህ ጋ ጠቅ አደረገኝ።"

ብርድ ነው አልኩት። ጫፉ ግን ተመልሶ በቀለ፣ እኔም ደግሜ ቆረጥኩ፤ አባቴም ደግሞ አናቱን አመመው። አንድ ቀን ፀጉሩን ላበጥርለት ስል ማበጠሪያዬ አናቱ ላይ ተያዘ። የሚያጣብቅ ነገር ነበር፤ ሽታው ደግሞ የጥድ። በአልኮል ጠረግኩለት። ብተወው ዛፉ መስመሩ ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ እየፈራሁም ቢሆን መቁረጤን አላቆምኩም።

ሱሪው ረዘመበት። ዕድሜ ነው ብዬ አጠፍኩለት። መደርደሪያው ላይ ያለውን ብርጭቆ ማውረድ አቃተው፤ ዕድሜ ነው አልኩ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እግሩ ወለሉን መንካት ሲያቅተው ግን ከእግሩ ሥር ትራስ አኖርኩለት።

ዛሬ ከሥራ ስገባ ጠራኝ። ከዛፉ ጎን ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆሟል። መስመሩ ከሁለቱም በላይ፣ በጣም በላይ ነው። ትላንት የቆረጥኩት የዛፉ ጫፍና የአባቴ አናት ግን እኩል ናቸው፤ በአንዲት ፀጉር እንኳ አይበላለጡም።

"ደረሰ" አለኝ።

"አልደረሰም! መስመሩ አይታይህም እንዴ?"

"መስመሩን ተዪው። ቁመቴ ያው ይሄ ነው።"

በሕይወቴ ጮኼበት በማላውቀው አባቴ ላይ ጮኽኩ። "ጎንበስ ብለህ ነው! አትጉበጥ! በሞቴ አባዬ፣ ቀና በል!" በብብቱ ይዤ ወደ ላይ ሳብኩት። ቅል ሆኗል፣ ክብደት የለውም።

አሻቅቦ አየኝ፤ ያዘነልኝ እሱ ነበር።

"ቀና ብያለሁ እኮ፣ ልጄ" አለኝ።