ዐሥረኛው ዓረፍተ ነገር

ስልኩ የሚደወለው አራት ሰዓት ላይ ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ባትሪው ዘጠኝ በመቶ ቀርቶታል። ማታ ሳልሰካው ነው ያደርኩት። ረስቼ ነው ልል አፌን ከፈትኩና ለማን እንደምለው ስላላወቅሁ መልሼ ዘጋሁት።

የምሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ካውያው ከእጄ አይወርድም። እህቴ በአራት ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። የእሷ ስልክ ከተሰበረ ሳምንት ስላለፈው የእኔን ቁጥር ሰጥታለች። የሚደውሉላት ሌላ አገር ካለ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። በእንግሊዝኛ ያናግሯታል፤ ካለፈች በወሩ መጨረሻ እዚያ ልትሠራ ትሄዳለች። ቀድማ የተፈተነች ጎረቤታችን እንደነገረችን ፈታኟ ከአንድ ቃል አትወጣም፤ "ሉክ አፍተር"፣ መንከባከብ የሚለው ነው። ማንን ተንከባክበሻል፣ አሁንስ ማንን ትንከባከቢያለሽ እያለች በዚያው ታዞራለች አሉ።

ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ አስጠናኋት። ዘዴው ግን የእኔ ሳይሆን የአሥራ አንደኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህራችን ነው። ለአንድ ቃል ዐሥር ዓረፍተ ነገር ያጽፉናል፤ ዐሥሩም በራሳችን ሕይወት ያለ መሆን አለበት። ያልኖራችሁትን ከጻፋችሁ ፈተና ላይ ይጠፋባችኋል ይሉን ነበር። አንዱ ልጅ ፈረስ እንከባከባለሁ ብሎ ቢጽፍ፣ ነገ ይዘኸው ና፣ እኔው ራሴ በር ላይ ቆሜ እቀበለዋለሁ አሉት። ልጁ ትምህርቱን እስኪጨርስ ስሙ ፈረሱ ሆኖ ቀረ።

እትዬ ትምህርቷን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው፣ እናታችን ስትታመም። ደንቡን ስነግራት፣ ውሸት ለመፍጠርም እኮ ጊዜ ይጠይቃል ብላ ሳቀች። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ እንደ ቧንቧ ውኃ ወረደላት። እናቴን ሦስት ዓመት ተንከባክቤያለሁ። የጎረቤቴን መንትዮች ተንከባክቤያለሁ። አባቴን እንከባከባለሁ። አምስተኛው ላይ "አይ ሉክ አፍተር ማይ ብራዘር" ብላ ጻፈች። ሰርዢው አልኳት፤ ሃያ ሦስት ዓመት የሞላኝ ሠራተኛ ነኝ። እሷ ቀና እንኳ ሳትል የለበስኩትን ሸሚዝ ማን እንዳጠበው ጠየቀችኝ። የሰው ልብስ ሳጥብና ስተኩስ እየዋልኩ የእኔን የምታጥበው እሷ ናት። ዓረፍተ ነገሩ ሳይሰረዝ ቀረ።

ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር ሞላ። ዐሥረኛው ግን እምቢ አለ። ቁጥሩን ጽፋ፣ መስመሩን ባዶ ትታ፣ ደብተሩን ከደነችው። ምን ልትጽፍ እንደነበር አልጠየቅኋትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሸሚዝ ዘርግቼ የማስበው አባባን ነው። አባባ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ አሁን ዓይኑን ታሞ በቀን ሦስት ጊዜ ጠብታ ይደረግለታል። ያን ሁሉ ሰው ተሸክሞ ገደል ለገደል የነዳ ሰውዬ ጠብታ ሲያይ እንደ ሕፃን ይሸሻል። እትዬ መላ አላት። የድሮ መስመሩን ፌርማታዎች በተራ እንዲጠራላት ትጠይቀዋለች፤ እሱ ሲጠራ አንዱ ላይ ጠብ ታደርግበታለች። የቱ ላይ እንደሆነ አላውቅም። እነሱ ፌርማታ ሲቆጥሩ እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ደመና ነው የማየው። ቤትም ሥራ ቦታም ስሜ ራሱ ደመናው ነው።

እሷ ከሄደች እኔና እሱ እንቀራለን። እንድታልፍ እፈልጋለሁ፤ ከልቤ ነው። ስልኩን ሳልሰካ ያደርኩትም እኔው ነኝ።

አራት ሊሆን ሩብ ሲቀረው እትዬ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ገባች፤ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። አለቃዬ ሣቅ የማያልቅባት ወይዘሮ ናት። ስልኩ እንዲሰማ ማጠቢያዎቹን አስጠፍታ እትዬን የሚተኮስ ልብስ የሚከመርበት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። እኔን ደግሞ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ደመናው፣ ዛሬ እንኳን ከሰማይ ውረድ። ስልኩ ሊሞት ነው" አለችኝ። ካውያውን ነቅዬ ስልኩን ሰካሁት። እጄ ትንሽ ዘገየ እንጂ ሰካሁት።

በሰዓቱ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርገነው ሦስታችንም ጆሯችንን ቀሰርን። እትዬ መጀመሪያ ተንተባተበች፣ ከዚያ እናታችን ላይ ስትደርስ ተቃናላት። ወንድሜን እንከባከባለሁ ስትል ፈታኟ ዕድሜውን ጠየቀች፤ ሲነገራት ከዚያኛው አገር ሳቀች። አለቃዬም ሳቋ አመለጣትና በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ቀጥላ ፈታኟ ቀስ ብላ ጠየቀች፦ አንቺ እዚህ ስትመጪ አባትሽን ማን ይንከባከባል?

ጥያቄው ሁላችንም ገብቶናል። እትዬ አየችኝ። መልሱ ሁለት ቃል ነበር፤ ማይ ብራዘር። ቃሉን ታውቀዋለች። ዓይኗን ወደ ደብተሩ መለሰች። ደብተሩ ጉልበቷ ላይ ተገልጦ ነበር፤ ባዶው መስመር የተተወው ለዚህ መልስ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልሆነውን አትበዪ ስላት የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ይኸው አልልም አለች። ፈታኟ ሄሎ፣ ሄሎ ትላለች።

እትዬ ስልኩን በመዳፏ አፈነችው።

"እውነት ነው?" አለችኝ።

"በያ፣ እየጠበቀችሽ ነው።"

"ልበል አላልኩህም። እውነት ነው ወይ ነው ያልኩህ።"

አለቃዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። 

"የቱ ፌርማታ ላይ ነው?" አልኳት።

"ምኑ?"

"ጠብታውን የምታደርጊው።"

 ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ግን አልፈሰሰም።

"ድልድዩን ሲጠራ። እዚያ ጋ ሁልጊዜ ቀና ይላል።"

"እንግዲያው እውነት ነው።"

መዳፏን አነሳች። "ማይ ብራዘር" አለች፤ ትንፋሽ ወሰደች፤ "ማይ ብራዘር ዊል ሉክ አፍተር ሂም።" ከስልኩ ወዲያ የወረቀት ድምፅ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ አልፈሻል አሏት። አለቃዬ እልል ልትል ነበር፣ እትዬ በዓይኗ ያዘቻት።

ስድስት ሰዓት የቀኑ ጠብታ ነው። እትዬ ልትነሳ ስትል አለቃዬ ካውያውን አስጨበጠቻትና እኔን ወደ በሩ ገፋ አደረገችኝ።

አባባ ኮቴዬን ሰምቶ እህትህስ አለኝ። እኔን ተክታ እየተኮሰች ነው አልኩት። ብልቃጡን ሳነሳ አንገቱን ወደ ኋላ ሳበ። ፌርማታዎቹን እንዲጠራልኝ ለመንኩት። ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ጀመረ። መነሻው፣ ሆስፒታሉ፣ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ። እኔ አንድ እጄን ግንባሩ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ድልድዩ አለና ቀና አለ። ጠብ ያደረግሁት ግን ዘግይቼ ነው። ጠብታው ጉንጩ ላይ ወርዶ ጢሙ ውስጥ ገባ።

በእጁ ጀርባ ጠረገው። ይቆጣል ብዬ ነበር።

"አለፍከው" አለኝ። "አውቶቡስ ደግሞ ወደ ኋላ አይሄድም። ከመነሻው እንጀምር።" ተስተካክሎ ተቀመጠና ጨመረልኝ፦ "ለእሷ በፍጥነት ነው የምጠራው። ለአንተ ድልድዩ ጋ ስደርስ ዝግ እላለሁ።"