የእትዬ ድገምልኝ መድኃኒት ቤት

ሴትየዋ የራሷ ስም ነበራት፤ በሱ የሚጠራት ግን አልነበረም። የከተማው ሰው፣ ከልጅ እስከ ሽማግሌ፣ «እትዬ ድገምልኝ» ነበር የሚላት። ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኒት ስትሰጥ የወረቀት ከረጢቱን አንዱን ጫፍ እሷ ትይዛለች፣ ሌላውን ገዢው ይይዛል። ከዚያ ስንት ፍሬ፣ መቼ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ረጋ ብላ ታስረዳለች። አስረድታ ስትጨርስ ግን ከረጢቱን አትለቅም። «እስኪ ድገምልኝ» ትላለች። ቸኩሎ የሚጎትት ካለ ወዮለት፤ «ካልደገምክልኝ መድኃኒቱ ገና የኔ ነው» ብላ እሷም ትጎትታለች። የፖሊስ አዛዡ ደግሟል። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ከነከረባቱ ቆሞ ደግሟል። የሚያሳፍር ሕመም የያዘውን ደግሞ ጆሮዋን አስጠግታ በሹክሹክታ ታስደግመዋለች፤ ያንን ሹክሹክታ ከሷ ሌላ የሰማ ሰው የለም።

እቤትም ያው ነበረች። ልጇን ዳቦ ልትልካት «እስኪ ድገሚልኝ»፣ ትምህርት ቤት ልትሸኛት «እስኪ ድገሚልኝ»። ልጅቷ በጓደኞቿ ፊት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። አድጋ እሷም ፋርማሲስት ሆነችና ትልቅ ከተማ ሄዳ፣ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ በመስታወት ጀርባ መሥራት ጀመረች። እዚያ ማንም ማንንም አያስደግምም፤ ሰልፉ መቼ ፋታ ሰጥቶ! ለጊዜው እፎይ ብላ ነበር።

እናትየው ስትታመም ልጅቷ ፈቃድ ወስዳ መጣች። መድኃኒቷን በሰዓቱ ስትሰጣት እናትየው ማንም ሳይጠይቃት ራሷ ትደግም ነበር፣ እየሳቀች። አንድ ቀን ግን የልጇን እጅ ይዛ ኮስተር አለች። «ሱቁን ከፈለግሽ ያዢው፣ ካልፈለግሽ ሽጪው። እኔን ብለሽ ግን እንዳትቀሪ። የምትወጂውን ሥሪ። እስኪ ድገሚልኝ።» ልጅቷ መድገም አቃታት። እናትየውም እጇን ሳትለቅ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ በኋላ ያን ነገር ዳግመኛ ያነሳው የለም።

ከቀብሩ በኋላ ወንድሟ ሱቁን የሚገዛ ሰው አገኘ፤ ልብስ ሊሸጥበት ያሰበ ነጋዴ። እሷ ግን «እስኪ ትንሽ ልሞክረው» ብላ መድኃኒት ቤቱን ከፈተች። «ይሁን» አለ ወንድሟ፣ «ሰውየው ግን የሚጠብቀው እስከ ሰኞ ነው።» እውነቱን እንናገር ከተባለ መቅረት ፈልጋለች። በእናቷ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የመደርደሪያውን እንጨት ስታሸት ደስ ይላት ነበር። የፈራችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰዉ እናቷን እንዳመናት እሷን ባያምናትስ?

ሰዉ መጣ። ችግሩ መምጣቱ ሳይሆን አለመሄዱ ነበር። አሳምራ ታስረዳለች፣ ካርቶኑ ላይ በጉልህ ትጽፋለች፣ «ይማርዎት» ብላ ከረጢቱን ትሰጣለች። ገዢው ግን ከረጢቱን ይዞ እዚያው ይገተራል። ዓይን ዓይኗን ያያታል።

«ሌላ የሚፈልጉት ነገር አለ?»

«አይ… የለም።»

ከዚያ እየተገላመጠ ይወጣል። ልብስ ሰፊዋማ በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች፣ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችውና ሄደች። እንዲህ እንዲህ ሲል ሳምንቱ አለቀ። ‘እሷን ፍለጋ ይመጣሉ፣ የሚያገኙት እኔን ነው’ አለች ልጅቷ በሆዷ። ሰኞ ጠዋት ሱቁን የከፈተችው ልትሸጠው ቆርጣ ነው፤ ለወንድሟ ልትደውል ስልኳን አነሳች።

ያኔ ነው ሬዲዮ የገባው። ሬዲዮ ፀጉር አስተካካይ ነው። ከተማው ይህን ስም ያወጣለት ከመቀሱ ይልቅ አፉ ስለሚሠራ ነው። ሐሙስ ዕለት አዲስ የደም ግፊት ኪኒን ወስዶ ነበር። ዛሬ ሚስቱ ክንዱን ይዛ እየጎተተችው ነው፤ በሌላ እጇ ያንኑ ከረጢት ይዛለች።

«እባክሽ የኔ ልጅ፣ ይህን ሰውዬ አንድ በዪልኝ!» አለች ሚስቲቱ። «ከሐሙስ ጀምሮ አንዲት ፍሬ አልዋጠም። ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጦ ራሴን አመመኝ እያለ ያየዋል!»

ልጅቷ ክው አለች። ግፊቱን ለካችው። ከፍ ብሏል፤ የሚያስደነግጥ ግን አልነበረም።

«ጋሼ፣ ለምን አልዋጡም?» አለች። «አላመኑኝም?»

«እንዴት አድርጌ እውጣለሁ? አላስደገምሽኝማ!»

«ምን?»

«እናትሽ እኮ ካልደገምክልኝ መድኃኒቱ የኔ ነው ነበር የምትለኝ። ከዚህ ቤት ሳልደግም ወጥቼ አላውቅም። አንቺ ዝም ብለሽ ለቀቅሽው። መድኃኒቱ ገና ያንቺ ነው ብዬ፣ እስክትጠሪኝ እየጠበቅኩ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ዕድሜ ልኩን ለፍልፎ ዝም ማለት የቻለው በዚህ ነው!» አለች ሚስቱ።

ሬዲዮ ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። «ሐዘን ላይ ነሽ። የእናትሽን ቃል አስታውሰን እናስለቅሳት እንዴ አልን። ሁላችንም ተነጋግረናል። ልብስ ሰፊዋ ልጠይቃት ብዬ በር ላይ ደርሼ ፈራሁ ብላኛለች።»

ልጅቷ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ ከዚያ ሁለቱም ተቀላቀሉባት። ፊቷን በነጭ ጋዋኗ እጅጌ ጠርጋ ከረጢቱን ከሚስቲቱ ተቀበለች። አንዱን ጫፍ ያዘች። ሬዲዮ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ሌላውን ጫፍ ያዘ። አስረዳችው።

«እስኪ ይድገሙልኝ።»

«አንድ ፍሬ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ። ጨው መቀነስ። ወሬም መቀነስ።»

«ወሬ አላልኩም።»

«እናትሽ ሁልጊዜ ትጨምርበት ነበር።»

«እንግዲያው እኔም ጨምሬበታለሁ» አለችና ለቀቀችለት።

ሬዲዮ ግን ወሬ የሚቀንሰው ከነገ ጀምሮ ነበር መሰል፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከተማው ሁሉ ሰምቶ ነበር። በሳምንቱ ውስጥ መድኃኒት የወሰደ ሁሉ ከረጢቱን፣ ብልቃጡን፣ የቅባት ቱቦውን ከቤቱ ይዞ መጣ። በሩ ላይ ሰልፍ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ቆማ፣ ተራዋን ማንም እንዳይነካባት በክርኗ ትከላከላለች። የሚገዛ የለም፤ ሁሉም ሊደግም ነው የመጣው።

መሃል ላይ ወንድሟ ደወለ። «እህስ? ለሰውየው ምን ልበለው?»

«አይሸጥም በለው። እዚሁ ቀርቻለሁ። እስኪ ድገምልኝ።»

ወንድሟ አፍንጫውን ሲስብ ተሰማት። «አይሸጥም» አለ። «እዚያው ቀርተሻል።»

ስልኩን ዘጋች። የእናቷ ወንበር ከኋላዋ ነበር፤ ወደ እሱ ዞር አለች።

«ከፈለግኩ እይዘዋለሁ፣ ካልፈለግኩ እሸጠዋለሁ» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «አንቺን ብዬ አልቀርም። የምወደውን እሠራለሁ።» ትንሽ አሰብ አደረገች። «ወድጄው ነው የቀረሁት፣ እማዬ።»

ከዚያ ወደ ባንኮኒው ዞረችና የልብስ ሰፊዋን ከረጢት ጫፍ ያዘች።