ቂጡ የጠዳ ድስት

ለዲላ ከተማ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም እስከ ገደብ ድረስ ላላችሁ ወገኖች በሙሉ! በወይዘሮ ፍቅርአዲስ ቡፌ ውስጥ ተከብሮ የኖረው ባለ ክዳኑ ስቴንለስ ድስት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከስሎ መገኘቱን የምንገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው። አሟሟቱ በመጣራት ላይ አይደለም። ጥፋተኛው ይታወቃል፤ የገዛ ባሏ አቶ ሠረቀብርሃን ነው።

ሠረቀብርሃን ገበያው ዳር የሕንፃ ዕቃ ሱቅ አለው። የሺህ ዓይነት ሚስማር ቦታ በቃሉ ያውቃል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ማንኪያ የት እንደሚቀመጥ እስከ ዛሬ ሚስቱን ነው የሚጠይቀው። ታዲያ ምን አግብቶት ድስት ጣደ?

ጥፋቱ የስልክ ነው። የፍቅርአዲስ እህት ገደብ ወልዳ፣ ፍቅርአዲስ ልታርሳት ሄዳ ነበር። ደውላ ስለ ሕፃኑ ስታወራ ቆየችና እንደ ቀልድ፣ «እጄ እኮ ገንፎ በማገንፋት አለቀ» አለችው። «የሰፈሩን አራስ ሁሉ አገነፋሁ። ለኔ ያገነፋልኝ ግን የለም፤ ምን ብሎስ?» ሳቀች። እሱም ሳቀ። ስልኩ ሲዘጋ ግን ቃሏ አብሮት ቀረ። ልጅ ሳይወልዱ ነው የሸበቱት። ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግረው የጨረሱ ይመስለው ነበር።

ቅዳሜ ልትመለስ ስለሆነ ቡላ ገዛ፣ ቅቤ ገዛ። ገንፎ የሚችል ወፍራም ድስት ጓዳ ውስጥ ነበር፤ እሱ ግን ለሚስት የሚገነፋው በእንግዳ ዕቃ ነው ብሎ ቡፌውን ከፈተ። እሳቱን ለቀቀው። ይኼኔ ደንበኛ ደወለ። ስለ ቆርቆሮ ውፍረት ሲያስረዳ ቡላው ከድስቱ ጋር ተጋባ።

መቼም ብረት ሻጭ ነውና ደንግጦ ቀዝቃዛ ውኃ አልደፋበትም፤ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ እንደሚጣመም ያውቃል። እስኪበርድ ጠበቀ። ውኃና ሶዳ አፈላበት፤ የላላውን በእንጨት ማማሰያ ፋቀ። ሱቁን የሞላው የሽቦ ብሩሽ ትዝ ቢለውም አልነካውም፤ ይቦጫጭረዋል። በእንሰት ቃጫና በሳሙና እንደ ሕፃን ገላ አሸው። እሳቱ ጥሎበት የሄደውን ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም በሎሚ አባረረ። የውኃ ጠብታ እንዳያዥጎረጉረው ወዲያው አደረቀው። ድስቱ አበራ። ሠረቀብርሃን ፊቱን አየበትና ወደደው።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረበት። ገለበጠው። ቂጡ ላይ ጥላሸትና አንድ እምቢተኛ ቀይ ነገር ተጣብቋል። «በርበሬ ነው» አለ። ጨርቅ ቀለም በሚያስለቅቅ ቲነር ነክሮ ወለወለው፣ ከዚያ በሳሙና ደጋግሞ አጠበው። በዕድሜው ድስት ገልብጦ ስለማያውቅ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የምታውቀውን አያውቅም። ለሰርግና ለለቅሶ ዕቃ ሲዋዋሱ እንዳይቀያየር፣ እያንዳንዷ የድስቷ ቂጥ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት ታደርጋለች። የፍቅርአዲስ ምልክት ቀይ «ፍ» ናት። ነበረች።

ፍቅርአዲስ ከሰዓት ደረሰች። ሻንጣዋን አስቀምጣ ሳትጨርስ ዓይኗ ቡፌው ላይ አረፈ። ድስቱን አወጣች፤ ገለበጠች።

«ይሄ የኔ አይደለም።»

«እንዴት ያንቺ አይሆንም?»

«ፊደሌ የታለ? ደግሞ የኔ እንዲህ አዲስ አልነበረም። አልጣሽ ናት! ለልጇ ለሩሃማ ምርቃት ወስዳ፣ እኔ ገደብ እያለሁ ሌላ መልሳለች!»

ሠረቀብርሃን አፉን ከፈተ። ቀዩ ትዝ አለው። አፉን ዘጋ። ቢናገር «ምን ልትሠራበት?» ይመጣል፤ ከዚያ «ገንፎ»፤ ሰፈሩ ሲሰማ ደግሞ «ማን ወለደ?»። ያቺን ጥያቄ ሚስቱ ፊት ማንም እንዲጠይቃት አልፈለገም።

እሷ ግን ድስቱን ታቅፋ ጎረቤታቸው አልጣሽ ደጅ ደርሳለች። ተከተላት።

«ወይዘሮ አልጣሽ!» አለች ከበር። እስከ ትናንት «አልጣሽዬ» ነበር የምትላት።

አልጣሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። «ወይዘሮ? ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«ድስቴን መልሺልኝ።»

«መለስኩ እኮ! ለጋሽ ሠረቀብርሃን በእጃቸው ሰጠሁ።»

«የሰጠሽው ይሄን ነው። የኔ ፊደል አለው።»

«በኢየሱስ ስም! እኔ የድስት ሌባ?» ጓዳ ገብታ ድስቶቿን እያንኳኳች አመጣችና ሣሩ ላይ ደፋቻቸው። የሁሉም ቂጥ ሰማያዊ ነጥብ አለው። «እዪ! አገላብጠሽ ፈትሺ!»

ፍቅርአዲስ አገላበጠች። «ፍ» የለችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እንግዲህ መዋዋሱም፣ መጠያየቁም ይቅርብን» አለች።

አልጣሽ ጎንበስ ብላ ድስቶቿን መሰብሰብ ጀመረች። ሩሃማ ስትወለድ እዚሁ ቤት ገንፎውን ያገነፋችው ፍቅርአዲስ ናት።

ሠረቀብርሃን ይህን አልቻለም። ወደ ቤቱ ሮጦ ተመለሰና አንድ ጨርቅ ድስቶቹ መሃል ጣለ። አልጣሽ አንስታ አሸተተች።

«ቲነር? ጋሼ፣ ድስት ቀለም ሊቀቡ ነበር?»

ፍቅርአዲስ ጨርቁ ላይ ያለውን ቀይ አየች፤ ባሏን አየች። «አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያጠበውስ?»

«እኔ።»

«አንተ? ድስት?»

አልጣሽ ሳቋ አመለጣት። ፍቅርአዲስ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «አልጣሽዬ፣ ይቅር በዪኝ፤ ይሄ ምላሴ ይቆረጥ!»

«ይቆረጥና ነገ በምን ልናማ ነው? ሩሃማ! የጥፍር ቀለምሽን አቀብዪን!»

ብሩሿን ለሠረቀብርሃን ሰጡት። ሣሩ ላይ ተንበርክኮ ትንፋሹን ውጦ ጻፈ። «ፍ»ዋ ወገቧን እንደታመመች ሆና ወጣች። ፍቅርአዲስ ድስቱን ስትቀበለው ጣቷ እጀታው ሥር አንድ ነገር ነካ። ቃጫው ያልደረሰበት፣ ቅቤ ቅቤ የሚል የቡላ ፍርፋሪ ነው። ቀና ብላ ባሏን አየችው። ዓይኗ እርጥብ አለ። ከዚያ አውራ ጣቷን ፍርፋሪው ላይ ደፍታ ሸፈነችው።

«እኔ የምለው ጋሼ፣» አለች አልጣሽ ሳቋን እየጠረገች፣ «ለመሆኑ ምን ሲሠሩ ነው ያሳረሩት?»

«አልናገርም።»

«ለኛ ነው የሚደብቁት? ይንገሩን እንጂ!»

«አልናገርም አልኩሽ፣ አልናገርም።»