ወደ ውስጥ የሚከፈት በር

በሩ አልከፈት አለ። አናጢው እጀታውን ጨብጦ ወደ ራሱ ይስባል፤ ከኋላው ያለው ሕዝብ ደግሞ እሱን ከነእጀታው ወደ በሩ ይገፋዋል። ምድር ቤቱ ውስጥ ስልሳ የሚሆን ሰው ነበር፤ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ትንፋሹን ውጦ ቫዮሊን ሲያዳምጥ የነበረ ሰው። ከድምፅ ማጉያው ጀርባ ቀጭን ጭስ ወጣ፣ መብራት ጠፋ፣ አንዱ "እሳት" አለ፤ በቃ። እሳት አልነበረም። የተቃጠለው አንዲት ሽቦ ናት። ግን በዚያ ጨለማ ውስጥ ይህን ለማን ትነግረዋለህ?

በእሱና በበሩ መካከል አንዲት ልጅ ተጣብቃ ነበር። ፊቷ አይታየውም፤ ትንፋሿ ግን አንገቱ ላይ ይሰማዋል። ትንሽ ቆይቶ ትንፋሿም ቀረ። ያኔ እጀታውን ለቀቀና ዞረ፤ ጀርባውን ለልጅቷ ሰጥቶ በሁለት እጁ ሕዝቡን ወደ ኋላ ይገፋ ጀመር። ከወዲያ ማዶ፣ አብራው ቤቱን የተከራየችው ነርስ ወንበር ላይ ወጥታ የስልኳን መብራት ከፍ አድርጋ ይዛለች። አልጮኸችም። ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ረጋ ብላ፣ "አንድ እርምጃ ወደ እኔ። አንድ እርምጃ ብቻ" ትላለች። ሰዉ ቀስ በቀስ ሰማት። በሩ አንድ ክንድ ያህል ተከፈተ። አናጢው ልጅቷን ታቅፎ አሥራ አራቱን ደረጃ ወጣና ግቢው ሲሚንቶ ላይ አስተኛት።

ስምንት ደቂቃ ፈጅቶ ነበር። ይህን የነገረችው ነርሷ ናት፤ በሥራዋ ልማድ ሰዓቷን አይታ ኖሯል።

ልጅቷ ነፍስ ዘራች። ሁለት የጎን አጥንቷ ተሰንጥቆ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኛችና ወጣች። የቤቱ ሰዎች "ከዚህ የባሰ አታምጣ" ተባባሉ፤ ሕዝብ ሲደነግጥ እንዲህ ነው፣ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም ተባባሉ። አናጢውም አብሯቸው ራሱን ነቀነቀ።

ስድስት ሆነው ነው ቤቱን የተከራዩት፤ አንድ ወጥ ቤት፣ አንድ መታጠቢያ ቤትና ብዙ ጭቅጭቅ ይጋራሉ። ኮንሰርቱን የጀመረችው የአናጢው ታናሽ እህት ናት። ትምህርት ቤት ሙዚቃ ታስተምራለች፤ ራሷ የምትጫወትበት ቦታ ግን አልነበራትም። አዳራሽ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ፈቃዱ ደግሞ የሚያውቁት ሰው ይጠይቃል። ምድር ቤቱ ባዶውን ተቀምጧል። በውሉ ላይ "ለዕቃ ማስቀመጫ ብቻ" ተብሎ ተጽፏል፤ የቤቱ ባለቤት የሆነው ጡረተኛ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት ይኖራል፤ ጆሮው ደግሞ የድመት ነው። ከዚህ በፊት ይኖሩ የነበሩትን ተከራዮች ልደት አከበሩ ብሎ በሳምንቱ አስወጥቷቸዋል። ስለዚህ እህትየው ወንድሟን ለመነችው፤ እሱም በር ሠራላት።

እንዲህ ያለ በር ሠርቶ አያውቅም። ሁለት ድርብ ጣውላ፣ በመሀሉ ስፖንጅ፣ ዳር ዳሩን ላስቲክ፣ ሦስት ወፋፍራም ማጠፊያ። ሲዘጋ "እፍ" ይላል እንጂ አይንኳኳም። ከውስጥ ከበሮ እየተመታ እንኳ መንገድ ላይ የቆመ ሰው አንዳች አይሰማም። ከበሮ መቺው፣ ብዙ ስለማያወራ "ዝምታው" የሚሉት የቤቱ ተከራይ፣ በዚያ በር ምክንያት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው አቀፈ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ ደረጃውን ይወርዳሉ። ሃያ የነበሩት ሠላሳ፣ ሠላሳ የነበሩት ስልሳ ሆኑ።

ሰው የሚሰበሰብበት ቤት በር ወደ ውጭ ይከፈታል። አናጢው ይህን ሙያውን በተማረ በመጀመሪያው ወር ሰምቶታል። ነገር ግን የመጨረሻው ደረጃ በሩ ሥር ተጠግቶ ስለሚያልቅ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት በር ደረጃው ላይ ይጋጫል እንጂ አይከፈትም። በሩን በገጠመበት ቀን ግድግዳው ላይ አስደግፎት ረጅም ሰዓት ቆሞ ነበር። ለእህቱ ልንገራት፣ ይቅርብን ልበላት ብሎ አሰበ። ኋላ "ሃያ ሰው ምን ይሆናል?" አለና ወደ ውስጥ እንዲከፈት አድርጎ ገጠመው። ማንም አልጠየቀውም። እሱ ግን አውቆ ነው የገጠመው፤ ያቺ ልጅ ከወደቀች ወዲህ እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነው።

ሐሙስ ዕለት የልጅቷ እናት ሥራ ቦታው ድረስ መጡ። ፎቅ የሚያጸዱ ሴት ናቸው፤ ከሥራ በቀጥታ ስለመጡ የሳሙናው ጠረን ገና አልለቀቃቸውም። እንጨት የሚልግበት ጠረጴዛ አጠገብ ደርሰው ምንም ሳይሉ እጁን ያዙና ሳሙት።

"ዘጠኝ ወር ተሸክሜ ወለድኳት" አሉት። "አንተ ደግሞ አሥራ አራት ደረጃ ተሸክመህ ወለድክልኝ።"

አናጢው እውነቱን ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ነገር ግን ጎኑ ያሉት ሠራተኞች ሥራቸውን አቁመው ፈገግ ብለው ያዩት ነበር። "ምንም አይደል፣ እናቴ" ብቻ አለ። ሴትየዋ እሑድ ልጃቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነገሩት። በዚያ እሑድ የምትዘፍነዋን ሴት በወጣትነታቸው ሰምተዋት ያውቃሉ፤ ከእንግዲህ የምሰማት አልመሰለኝም ነበር አሉ። ሲሄዱ መላጊያውን አንሥቶ ያንኑ ጣውላ ደጋግሞ ላገው፤ ጣውላው ከልክ በታች ሳስቶ ተጣለ።

የምትዘፍነዋ ሴት ጊታር የሚመታላት ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰው ፊት አንድ መስመር አልዘፈነችም። እህትየው አምስት ጊዜ ቤቷ ሄዳ ለምናታለች። በአምስተኛው፣ "አዳራሽ ቢሆን እንቢ እል ነበር። ምድር ቤት ከሆነ ግን ይሁን" አለቻት። ያቺ እሑድ ደረሰች።

እሑድ ጠዋት እህትየው ወንበር ልትደረድር ስትወርድ አናጢው በሩ ሥር ተንበርክኮ በካቻቢቴ የታችኛውን ማጠፊያ ሲፈታ አገኘችው። አንዱ ብሎን ወልቆ መሬት ላይ ተቀምጧል።

"ጋሼ፣ ምን እየሠራህ ነው?"

"በሩን እያወረድኩት።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ።"

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በዝግታ ትነግረው ጀመር። ጡረተኛው ከሰማ በሳምንቱ ዕቃቸው መንገድ ላይ ነው። ስድስት ሰው በዚህ ኪራይ ሌላ ቤት አያገኝም። ዘፋኟ ስንት ተለምና ነው እሺ ያለችው። ሰዉን እንቀንስ፣ አንተ በሩ አጠገብ ቁም፣ ሰኞ ደግሞ እንደፈለግህ አድርገው አለችው።

"ሰው እንቀንሳለን ስንል ሁለት ዓመታችን" አላት።

"እሺ፣ ገልብጠህ ግጠመው። ወደ ውጭ ይከፈት።"

አናጢው ከበሩ እስከ መጨረሻው ደረጃ ያለውን ቦታ በስንዝሩ ለካላት። ሁለት ስንዝር አልሞላም። እህቱ እጁን አየች፣ ደረጃውን አየች፤ ሞኝ አይደለችምና ገባት።

"ያን ጊዜም ታውቀው ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ለእኔ ስትል ነው?"

"በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ።"

እህትየው ፊቷን በመዳፏ አሻሸች። "ለማንም አትንገር" አለች ኋላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ልጅቷ ድናለች። ሁሉም ጥፋቱ የሕዝቡ ነው ብሏል። ራስህን በሰው አፍ ውስጥ ለምን ትከታለህ?"

"እናቷ ሐሙስ መጥተው እጄን ሳሙት" አላት።

ከዚህ በኋላ አልተከራከረችውም። ሁለተኛውን ማጠፊያ ሲፈታ ተነሥታ በሩን በትከሻዋ ደገፈችለት። በሩ ከሁለት ሰው አቅም በላይ ስለነበር ነርሷና ዝምታው ተጠርተው ወረዱ። አናጢው ያኔውኑ፣ በሩን እንደያዙ፣ ለሁለቱም ነገራቸው። ዝምታው በሩን ይበልጥ አጥብቆ ያዘ። ነርሷ ግን ክብደቱን ወደ ሌላ እጇ አዛውራ፣ "ገና የመጀመሪያው ቀን አስቤው ነበር" አለች። "ሙያህ ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።" አራት ሆነው በየደረጃው እያረፉ አወጡትና ግቢው ግድግዳ ላይ አጋደሙት። ሌሎቹ ሁለት ተከራዮች ቁርስ ላይ ሰሙ፤ አንደኛው ተቆጥቶ ክፍሉን ዘግቶ ገባ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ወንበር ተሸክሞ ታየ።

ዘፋኟ ስምንት ተኩል ላይ መጣች። አጭር፣ በምርኩዝ የምትሄድ ሴት ናት። ደረጃውን ወርዳ ባዶው መቃን ሥር ቆመች፤ እህትየው እየተርበተበተች ነገሩን ሁሉ አስረዳቻት፤ በሩን፣ ልጅቷን፣ ፊት ለፊት የሚኖረውን ሰው። ሴትየዋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

"ማጉያውን አጥፉት" አለች። "እኔ ስጀምር ማጉያ የሚባል አልነበረም። ዛሬ ደግሞ ድምፄ ራሱ ምርኩዝ ይዟል፤ ከአሥራ አራት ደረጃ በላይ መውጣቱን እንጃ።"

ዝምታው ዱላዎቹን ከረጢቱ ውስጥ መልሶ በመዳፉ ለመምታት ተቀመጠ።

አናጢው የደረጃው አናት ላይ ቆመ። ሠላሳ ሰው ካስገባ በኋላ የመጣውን ሁሉ ይቅርታ እየጠየቀ መለሰ። ለሁለት ሰው ብቻ ቦታ ይዞ ነበር። እነሱም መጡ፤ ልጅቷ ጎኗን በእጇ ደገፍ አድርጋ፣ እናቷ ክንዷን ይዘው። እናትየው እንዳዩት ፊታቸው በራ፤ ጎንበስ ብለው እጁን ሊይዙ ሲሉ እጁን ወደ ኋላው ሸሸገው።

"እናቴ፣ ከመግባታችሁ በፊት የምነግርዎት አለኝ።"

"ምን ሆንክ፣ ልጄ?"

"ያን በር የሠራሁት እኔ ነኝ። ወደ ውስጥ እንዲከፈት አድርጌ ነው የገጠምኩት። እንዲህ ያለ በር ሰው ሲገፋው ይብስ ይዘጋል። ይህን ስገጥመው አውቅ ነበር። ልጅዎን ያፈናት ሕዝቡ አይደለም።"

ልጅቷ እናቷን ቀና ብላ አየቻቸው። እናትየው ግን እሱን አላዩትም። ግድግዳው ላይ የተጋደመውን በር ነበር የሚያዩት፤ ያንን ትልቅ፣ አሁን ምንም የማይዘጋ ነገር።

"ሐሙስ ለምን አልነገርከኝም?"

"ፈራሁ።"

"አሁንስ?"

"አሁንም ፈርቻለሁ።"

እናትየው ወደ ልጃቸው ዞሩና መሄድ ትፈልግ እንደሆን ጠየቋት። ልጅቷ መስማት እፈልጋለሁ አለች። "እንግዲያው ለደረጃው የቀረበው ወንበር ላይ ተቀመጪ" አሏት። ልጅቷ ወረደች። እሳቸው ግን ነጠላ ጫማቸውን አስተካክለው የላይኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ።

"እኔ አልወርድም" አሉት። "ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ። ተሸክመህ ያወጣሃት አንተ መሆንህም ውሸት አይደለም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ እስክችል እዚሁ ልቀመጥ።"

አናጢው ከአጠገባቸው፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ዘፈኑ ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ ዘፋኟ ራሷ የፈራች ያህል ዝቅ ያለ ነበር፤ ኋላ ላይ ድምፁ መንገዱን አገኘና ደረጃውን እየረገጠ ወጣ። የሻከረ፣ አልፎ አልፎ የሚሰበር፣ ተሰብሮም የማይቆም ድምፅ ነው። እናትየው ጉልበታቸውን አቅፈው አገጫቸውን አስደገፉበት። ድምፁ ደረጃው ጫፍ ላይ አልቆመም። ግቢውን አቋርጦ፣ በተከፈተው የግቢ በር ወደ መንገዱ ወጣ።

ከመንገዱ ማዶ መስኮት ተከፈተ። ቀጥሎ በር ተከፈተና ጡረተኛው ብቅ አለ። የቤት ጫማውን እንዳደረገ ደፉ ላይ ቆሞ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፤ ከዚያ ግራና ቀኝ አይቶ መንገዱን መሻገር ጀመረ።

እህትየው ከታች፣ ቫዮሊኑን ከአገጯ ሳታወርድ የወንድሟን ፊት ሽቅብ አይታ ማን እየመጣ እንደሆነ ገባት፤ በዐይኗ የግቢውን በር ዝጋ አለችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚህ ቀን ያዘጋጁት መልስ ነበራቸው፦ ሬዲዮ ነው፣ አሁን እንቀንሰዋለን። ስድስቱም አጥንተውታል።

አናጢው ተነሣ። ሱሪውን አራገፈና ለእናትየው፣ "ቦታዬን ይጠብቁልኝ፤ ደረጃው ላይ ሰው እንዳይቆም" አላቸው። እሳቸው ሳያዩት ራሳቸውን ነቀነቁ።

የግቢውን በር ወለል አድርጎ ትቶ፣ ሰውየውን መሐል መንገድ ላይ ሊያገኘው ወጣ።