የሚያልበው ግድግዳ

እታለም በረኪና የነከረችውን ስፖንጅ ግድግዳው ላይ አሳርፋ ገና አንዴ እንደ ፈተገች እጇን ሰበሰበች። ግድግዳው ይሞቃል። የልጇ የሃይሚ ክፍል ማሞቂያ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ውጪ በዚያ በፈረንጆቹ 2012 የካቲት ብርድ የፍራንክፈርቱ የኖርድቬስትሽታት ሰፈር መንገድ በበረዶ ነጭ ሆኗል። ይሄ ከአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ ግን ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር ነው። ጓንቷን አውልቃ በባዶ መዳፏ ዳሰሰችው። መሞቅ ብቻ አይደለም፣ አልቦታል። ከግድግዳው ወዲያ ያለው የካሌብ ክፍል ነው።

ካሌብ የታላቅ እህቷ ልጅ ነው። ከስደተኞች መጠለያ ወጥቶ የሚገባበት ሲያጣ "የእህቴ ልጅ ሜዳ ላይ አይወድቅም" ብላ ትንሿን ክፍል ለቀቀችለት። ማታ ማታ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል፣ ቀን ይተኛል፣ በሩንም ይቆልፋል። ለምን እንደሚቆልፍ ስትጠይቀው ሃይሚ እየገባች እንቅልፍ ስለምትነሳው ነው አላት። እሷም አመነችው። የእህት ልጅ የሚለውን ካላመኑ ማንን ሊያምኑ ነው?

ሻጋታው የጀመረው ጥቅምት ሲገባ ነው። መጀመሪያ እንደ ጥላሸት ነጠብጣብ ሆኖ ታየ፤ ከዚያ የሃይሚን ራስጌ በሙሉ አለበሰው። ልጅቷ ማሳል ጀመረች። የሕንጻው ተቆጣጣሪ፣ ሃውስማይስተሩ፣ መጥቶ ገና ከማየቱ ፈረደ። አንቺ ቀኑን ሙሉ ታበስያለሽ፣ መስኮት አትከፍቺም፣ ቤቱን ያበሰበስሽው አንቺ ነሽ አላት። የእታለም ጀርመንኛ ለሥራና ለገበያ ይበቃል፤ ባለሥልጣን ፊት ግን ይተሳሰርባታል። ስለዚህ ካሌብ አጠገቧ ቆሞ አስተረጎመላት።

የሚያናድደው ደግሞ እሷ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ መጠየቋ ነው። ምክንያቱም ሰውየው ያለው ነገር ውስጥ እውነት አለበት። በዝዋይ ሙቀት እንኳ አውቶቡስ ውስጥ አንዱ መስኮት ሲከፍት "ዝጋው፣ ነፋስ ሊመታን ነው" እየተባለ ያደገች ሴት ናት። ፍራንክፈርት ስትመጣ ያንን ፍርሃት ይዛው መጣች። ክረምት ላይ መስኮት መክፈት ለእሷ በሽታን ቤት ጠርቶ ማስገባት ነው። ታች የሚኖሩት ኤርትራዊው ጡረተኛ ጋሽ ፍስሃጽዮን እንኳ ፈገግ ብለው፣ እኛ መስኮት እንጠላለን፣ እነሱ ካልከፈቱ የሚያብዱ ይመስላቸዋል፣ ስለዚህ ክፈቺላቸውና ተገላገዪ ብለዋታል።

ከፈተች። ሃይሚን በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልላ በየጠዋቱ ከፈተች። በአዘቦት ቀን ወጥ መሥራት ተወች። ሻጋታው ግን ተፍቆ ሳይደርቅ ይመለሳል። ነገ ጠዋት ሃውስማይስተሩ ከቤት አስተዳደሩ ሰዎች ጋር ሊያይ ቀጠሮ፣ ቴርሚን፣ ይዟል። ግድግዳው እንዲህ ሆኖ ካገኙት ቤቱን ትለቃለች፤ ቤት ከሌላት ደግሞ ለቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያስገባችው ማመልከቻ እዚያው ቢሮ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሌሊት የሚያባንናት ይሄ ነው።

ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ወርውራ ኮሪደሩን ተሻገረችና የካሌብን በር አንኳኳች።

"ተኝቻለሁ፣ እቴቴ" አለ ከውስጥ።

"ክፈት። ካልከፈትክ ጋሽ ፍስሃጽዮንን መፍቻ አስይዤ በሩን አስነቅላለሁ።"

ቁልፉ ዞረ። በሩ ገርበብ ከማለቱ ሞቃት፣ እርጥብ አየር ፊቷን መታት። ገና ሳታይ አወቀችው። ጀርመን ከመምጣቷ በፊት ዝዋይ አበባ እርሻ ትሠራ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ የላስቲኩ ቤት አየር ልክ እንዲህ ነበር፣ የቅጠልና የማዳበሪያ ሽታ ያለበት። እዚህ ግን ሌላ የሚሰነፍጥ ሽታ ተጨምሮበታል። በሩን ገፍታ ገባች። አልጋው ተገትሮ ከጥግ ተደግፏል። መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኖ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል። ከጣሪያ የተንጠለጠሉ መብራቶች ዓይን ያጠፋሉ፤ ከሥራቸው ወገቧ ድረስ የሚደርሱ ተክሎች በየባልዲው ቆመዋል። የአውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ውሾቹ በየሻንጣው የሚያሸቱት ምን እንደሆነ ታውቃለች።

"ሐሺሽ" አለች ድምጿ ተቆራርጦ። "እኔ ቤት ውስጥ ሐሺሽ።"

ካሌብ ፈጠን ብሎ በሩን ከኋላዋ ዘጋ። ይደነግጣል፣ እግሯ ላይ ይወድቃል ብላ ስትጠብቅ፣ ያ ዓይን አውጣ ጭራሽ ፊቱ በራ።

"እንኳንም አየሽው። ልነግርሽ ፈልጌ ፈርቼ ነው" አላት። "አበባ እርሻ ሠርተሽ የለ? ቅጠላቸው ታሞብኛል፣ እቴቴ። እስቲ አንዴ እይልኝ።"

ይታያችሁ እንግዲህ! ሰው ቤት ላይ እሳት ለኩሶ እሳቱ አልነድ አለኝ ብሎ የቤቱን ባለቤት ያማክራል። እታለም አፏን ያዘች። ከሁሉ የከፋው ግን ዓይኗ ማየቱ ነው፤ ዓመታት የለመደ ዓይን አይ ሲሉት አይሰማም። መብራቱ ሥር ያሉት ቅጠሎች ጠርዛቸው ወደ ላይ ተጠቅልሏል፤ መብራቱ ወርዶ ሙቀቱ እየጠበሳቸው ነው። ጫፋቸው ቡናማ ሆኖ ተቃጥሏል፤ ማዳበሪያ በዝቶባቸዋል። ታች ያሉት ላይ ደግሞ ዱቄት የተነሰነሰ የመሰለ ነጭ ነገር ተጋግሯል፤ ይሄ መውጫ ያጣ እርጥበት ነው።

"ማዳበሪያ አብዝተሃል። አየርም የለም" አለች፣ ቃሉ አምልጧት።

"እኔ ደግሞ የራባቸው መስሎኝ ጨመርኩላቸው! ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?"

እታለም ግን ነጩን ዱቄት ማየቷን ትታ ግድግዳውን እያየች ነበር። ውሃው እንደ እንባ ኮለል ይላል። ከዚያ ወዲያ የሃይሚ ትራስ አለ።

"ይሄ ሁሉ እርጥበት የት የሚሄድ መሰለህ?"

ካሌብ ወደ ታሸገው መስኮት ዞር አለ።

"ያን ቀን ሰውየው ሲያዋርደኝ አጠገቤ ቆመህ ያስተረጎምከው አንተ ነህ።"

"እሱ ያለውን ነው የነገርኩሽ፣ እቴቴ። ምንም አልጨመርኩም።"

"ወደዚህ በር ጠቁሞ አንድ ነገር ጠየቀህ። ምን አልከው?"

ወለሉን ማየት ጀመረ። "መጋዘን ነው አልኩት።"

ያኔ ለእሷ የነገራት ግን ሰውየው ማን እንደሚተኛበት እንደጠየቀውና እሱም እኔ ነኝ እንዳለው ነበር። ደሟ ፈላ። ልጇ ጉሮሮዋ እስኪላጥ ስታስል፣ እሷ በረኪና እየተነፈሰች በጉልበቷ ስትፍቅ፣ ይሄ ልጅ ማዶ ሆኖ ቅጠል ያጠጣ ነበር። አንዳንዴ እንዲያውም ኮሪደር ላይ አግኝቷት "አይዞሽ" ይላት ነበር። ያቺ አይዞሽ አሁን አንጀቷን አሳረረቻት።

"ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቀራቸው" አለ ካሌብ ድምጹን አለስልሶ። ከዚያ በኋላ ክፍሉን ለቆ እንደሚወጣ፣ ለእናቱም የሆነ ነገር እንደሚልክ፣ ጓደኞቹ ሁሉ በዚህ እንደተቋቋሙ እያከታተለ ነገራት። "ነገ ሲመጡ እንዳለፈው ወጥ ስሠራ ነው በያቸው። እኔ አሳምሬ አስተረጉምልሻለሁ። እነሱ እንደሆን ሐበሻ ካበሰለ ቤት ይሻግታል ብለው ያምናሉ።"

እታለም አልጮኸችም። በተክሎቹ መሃል አለፈች፣ አንዱን ባልዲ በእግሯ ገፋች፣ የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍሯ ፈልጋ ያዘችና ከላይ እስከ ታች ተረተረችው። ጥቁሩ ላስቲክ ከነፍሬሙ ቀለም ተላጦ ወረደ። መያዣውን አዙራ መስኮቱን እስከ ጥጉ ከፈተችው። ብርዱ እንደ ውሃ ገባ።

"እቴቴ፣ ውጪ እኮ በረዶ ነው! ሁሉም ያልቃሉ!"

"አውቃለሁ።"

ከሱ በላይ ታውቃለች። ዝዋይ ሳሉ አንድ ሌሊት ላስቲኩ ተቀዶ ብርድ ገብቶበት አድሮ፣ ጠዋት ጽጌረዳው ጠቁሮ ሲያገኙት ያለቀሰችው እሷ ነበረች። ዛሬ ግን እንባዋ ለቅጠል አይወጣም።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ቤቴን እያናፈስኩ ነዋ። አናፍሺ ተብዬ የለ?"

ሊዘጋው እጁን ዘረጋ፤ መስኮቱ ፊት ቆማ አላስቀረበችውም። ሳይመሽ ባልዲውም መብራቱም ከቤቷ እንዲወጣ፣ የት እንደሚያደርሰው መስማትም እንደማትፈልግ ነገረችው።

"ነገ ደግሞ ታስተረጉማለህ" አለችው። "ስለ ሐሺሹ አላወራም፤ የእህቴን ልጅ ለፖሊስ አልሰጥም። ግን ክፍሉን መጋዘን ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ አፍኜ ግድግዳውን ያበሰበስኩት እኔ ነኝ ትላለህ። የኔ ድስት ስም አይነሳም።"

"እንዲህ ካልኩ ከቤት ውጣ ይሉኛል።"

"ትወጣለሃ። አንድ ቃል ብትዘል ደግሞ እሰማሃለሁ። ለዚህ የሚበቃ ጀርመንኛ አለኝ።"

የውጪው በር ተከፈተ። ሃይሚ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለች። እንደ ሁልጊዜው በጀርመንኛ ነበር የተናገረችው።

"ማማ፣ ኤስ ኢስት ካልት!" አለች፤ ይበርዳል ማለቷ ነው።

የእታለም እጅ በልማድ ወደ መስኮቱ መያዣ ሄደ። ነካውና ተወው።

"ጃኬትሽን አታውልቂ፣ የኔ ልጅ" አለቻት።