«ጤነኛ» የተባለው ሳህን

በፊንላንድ ኦውሉ ከተማ ያለው የኩላሊት ላቦራቶሪ አንድ ልማድ አለው። ለማወዳደሪያ ጤነኛ የኩላሊት ሕዋስ ሲፈለግ ሠራተኞቹ በየተራ ሽንታቸውን ይሰጣሉ። ከሽንቱ የተለቀመው ሕዋስ በሳህን ይራባል፤ ዙሪያውን የሚሠራው ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ስስ መረብም ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሰውነታችን ውስጥ ደም የሚጣራው በዚህ መረብ ነው። መረቡ ካለ አረንጓዴ ያበራል። ሰው በሽንቱ የሚኮራበት ሌላ መሥሪያ ቤት መኖሩን እንጃ!

የዚያ ወር ተረኛ ኬርቱ ነበረች። ለወንድሟ ለኦስሞ አንድ ኩላሊቷን ልትሰጥ ጥቂት ቀን ነው የቀራት። ኦስሞ ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስቴ የኩላሊት እጥበት ላይ ነው፤ ውኃም የሚጠጣው በልክ ነው። ሐኪሞቹ የበሽታውን ምንጭ አላገኙትም፤ እሷን ግን መርምረው ምንም የለብሽም ብለዋታል።

ያለፈው ወር ተረኛ የነበረችው የባልደረባዋ የሄልቪ ሳህን ቦግ ብሎ በራ። የኬርቱ ጨለማ ነው። ሁለት ጊዜ በቀለሙ አሳብባ ደግማው ነበር። ዛሬ ግን ሁለቱንም በአንድ ብልቃጥ ቀለም፣ በገዛ እጇ ነው የቀባችው።

«አንቺ የወሩ ጤነኛ!» አለች ሄልቪ ከበሩ ብቅ ብላ። «የሳልሞን ሾርባው ሊያልቅ ነው፤ እዚያው ልትደርቂ ነው እንዴ?»

«ሂጂ፣ እመጣለሁ» አለች ኬርቱ፣ ማይክሮስኮፑን በጀርባዋ ከልላ።

ፈራች። ይሄ እውነት ከሆነ የወንድሟ በሽታ እሷም ላይ አለ፤ የምትሰጠው ኩላሊት ወንድሟ ሆድ ውስጥ ይበላሻል፤ የሚቀራትም አንድ ኩላሊት አይቆይም። ሳህኑን ብትደፋው ደግሞ ጠያቂ የለባትም። እጇ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሲዘረጋ አይታ ደነገጠች።

ስልኳ ጮኸ።

«እህት ዓለም! ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ጠዋት ነው አሉን!» አለ ኦስሞ እየሳቀ። «በቃ፣ እንደ ሰው ውኃ እስኪበቃኝ ልጠጣ ነው! ምነው፣ አትደሰቺም? ኩላሊትሽ አሳሳሽ እንዴ?»

«ኦስሞ፣ ስማኝ። የኔም ኩላሊት እንዳንተ ሳይሆን አይቀርም። ሕዋሶቼ መረቡን አልሠሩም። ሦስት ጊዜ አየሁት።»

ይጮኻል፣ ወይ ያለቅሳል፣ ወይ አይዞሽ ይላል ብላ ጠበቀች። ኦስሞ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኬርቱ፣ ካንቺ ሌላ ያየ ሰው አለ?»